«መጡ» እና «አመጧቸው»

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

 

ዛሬ የምንነጋገረው ብዙ የሆነ ሕዝብ፣ አብሮት ስለሚኖረው ጥቂት ሕዝብ ስለሚያወራው ወሬ ነው። ማንም ሳያስተምረን የምንማረው ወሬ አለ። ደብተር ላይ አይጻፍም፤ ፈተና አይወጣበትም፤ ሆኖም እስክንሸብት ድረስ አይረሳንም። ይህ ወሬ እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት በደንብ የማውቀውን አንድ ሕዝብ መርጫለሁ፤ የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑትን ቤተ እስራኤልን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ከራሴ ልጀምር።

ያደግሁት ደምቢያ ነው፤ አያቴ ዘንድ፤ ከጎንደር ወደ ጣና በሚወርደው ሜዳ። ከመንደራችን ወንዙን ተሻግሮ ባለው ተረተር ላይ የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች ይኖሩ ነበር። ማረሻ ሲዶለዱም፣ ማጭድ ሲሰበር፣ መጥረቢያ ሲሸረፍ ወደ እነሱ ይወሰዳል። ምጣዱም፣ እንስራውም፣ ጀበናውም ከሚስቶቻቸው እጅ ነው የሚመጣው። እንጀራችን የተጋገረው በእነሱ ምጣድ፣ ጤፋችን የታጨደው በእነሱ ማጭድ ነበር። ይህን ግን ያን ጊዜ አላሰብሁትም።

አንድ ቀን አያቴ ማጭድ አስይዛ ላከችኝ። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከበሩ ላይ ቆማ እንዲህ አለችኝ፦ «ማጭዱን አስቀምጠህ ራቅ ብለህ ቁም። ዓይን ዓይናቸውን አትይ። የሚሰጡህን እንዳትቀምስ።» ሄድሁ። ሰውዬው ከመሬት ተቀምጠዋል፤ በእኔ ዕድሜ የሚሆን ልጃቸው ወናፉን ይነፋል። ዛሬ «እሳቸው» እያልሁ አወራላችኋለሁ እንጂ፣ ያን ጊዜ ለሽማግሌ ሁሉ «እርስዎ» እያልን ያደግን ልጆች እሳቸውን «አንተ» ነበር የምንላቸው። ማጭዱን ቀጠቀጡት፣ ሳሉት፣ በአውራ ጣታቸው ዳበስ አድርገው ስለቱን አዩና ዘረጉልኝ። ከዚያም ቀና ብለው፣ «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ።

ማጭዱን ተቀብዬ ሮጥሁ።

በቀትር ፀሐይ፣ ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት በሩጫ መጥቼ፣ ማታ ራሴን አመመኝ፤ ትኩሳት ያዘኝ። ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚባል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቡዳ በላው ተባለ። ጭስ አጨሱብኝ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ከዚያ ጥያቄው መጣ፦ «ማነው? ከየት አገኘህ? ተናገር!» በአካባቢያችን የተበላ ሰው ይለፈልፋል ነው የሚባለው፤ የበላውን ሰው ስም ራሱ ይጠራል። እኔም ለፈለፍሁ። ከጭሱ መውጣት ፈልጌ ነበር፤ የሚጠበቅብኝንም መልስ አውቀው ነበር። የኚያን ሰው ስም ጠራሁ። በነጋታው ተሻለኝ። መንደሩም አንድ ተጨማሪ ማስረጃ አገኘ።

አድማጮች፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚያች ሌሊት የተፈጸመውን በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል። አያቴ አስቀድማ አስጠነቀቀችኝ። ማስጠንቀቂያው አስፈራኝ። ፍርሃቱ አስሮጠኝ፤ ሩጫው አሳመመኝ። ሕመሙ ደግሞ «ትክክል ነበረች» አሰኘ። ከሰውዬው በኩል የመጣው ነገር አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «የማን ልጅ ነህ?» የምትል፣ በገጠራችን ልጅ ያየ ሽማግሌ ሁሉ የሚጠይቃት ጥያቄ። የቀረውን ሁሉ የሠራነው እኛ ነን። እሳቸውን የጠራ፣ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ቢጠየቁስ ምን ይመልሳሉ? «ቡዳ አይደለሁም» የሚል ሰው እንዴት ያስረዳል? ስለ ሌላው የሚወራ ክፉ ወሬ ዕድሜው የሚረዝመው ለዚህ ነው፤ የተወራበት ሰው የሚያፈርስበት መንገድ የለውም። ዝም ካለ አመነ፣ ከተቆጣ ባሰበት፣ ከሳቀ አሾፈ ይባላል።

(አጭር የክራር ድምፅ)

አሁን ደግሞ በዚያች ሌሊት ያልተነገረኝን ታሪክ ልንገራችሁ።

ቤተ እስራኤል እኛ የምንጠራቸው ስምና እነሱ ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም ተለያይቶ የኖረ ሕዝብ ናቸው። እነሱ «ቤተ እስራኤል» ይላሉ። ጎረቤት «ፈላሻ» አላቸው፤ «ካይላ» አላቸው፤ «ጠይብ» አላቸው። «ፈላሻ» «ፈለሰ» ከሚለው ቃል ጋር ይያያዛል፤ አገር የሌለው፣ ከቦታው የተነቀለ እንደማለት ነው። ለምን ከቦታው ተነቀለ? ትውፊቱ ወደ 15ኛው መቶ ዘመን፣ ወደ ዐፄ ይስሐቅ ይወስደናል። ንጉሡ ቤተ እስራኤልን በጦርነት ካሸነፉ በኋላ የተጠመቀ ርስቱን ይዞ ይቀመጥ፣ ያልተጠመቀ ግን ርስቱን ይልቀቅ፣ ፈላሲ ይሁን ብለው አወጁ ይላል። ነገሩ የአንድ ቀን ዐዋጅም ይሁን ትውልድ የፈጀ ሂደት፣ ውጤቱ ያው ነው፤ ሃይማኖቱን አልለቅም ያለ መሬቱን ለቀቀ።

መሬት የሌለው ሰው በገበሬ አገር ምን ይበላል? እጁን። ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸማ ሠራ፣ ሸክላ አበጀ፣ ድንጋይ ጠረበ፣ አናጺ ሆነ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን ጎንደር ዋና ከተማ በሆነችበት ዘመን ቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጺዎች ለነገሥታቱ ሠርተዋል፤ በሙያቸው ማዕረግና ርስት ያገኙም ነበሩ። የፋሲልን ግንብ ስንጎበኝ በአብዛኛው የሚነገረን ስለ ፖርቱጋሎች ነው። ከግንቡ ወጣ ብሎ ባለው በወለቃ ይኖሩ ስለነበሩት የቤተ እስራኤል ሰዎች እጅ የሚነግረን ጥቂት ነው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። መጀመሪያ መሬት ተወሰደ። መሬት ስለሌለ እጅ ሥራ ተያዘ። ከዚያ እጅ ሥራው ተናቀ፤ ከእሳት ጋር የሚውል፣ ብረት እንደ ጭቃ የሚያለዝብ ሰው ጤነኛ አይደለም፤ ማታ ጅብ ይሆናል፤ በዓይኑ ይበላል፤ ደም ይመጥጣል ተባለ። በመጨረሻም ይኸው ንቀት መሬት ላለመስጠት ምክንያት ሆነ። «ቡዳ መሬት ምን ያደርግለታል?» ወሬው የነገሩን ሥር ከላይ ገለበጠው። የተደረገባቸው ነገር ተረሳና ተፈጥሯቸው ሆኖ ቀረ። ስለ አንድ ወገን «እነዚያማ እንዲህ ናቸው» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ዛሬ ወዲያው የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ እንዲህ ከመሆናቸው በፊት ምን ተደረገባቸው?

አንድ ነገር ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ ኑሯችን ጥላቻ ብቻ አልነበረም። የአንድ ወገን ወሬን ለመቃወም ሌላ የአንድ ወገን ወሬ ማውራት አይገባም። በሠርግና በለቅሶ እንጠያየቅ ነበር። እነሱ እኛ ያረድነውን አይበሉም፤ እኛም እነሱ ያረዱትን አንበላም። ስለዚህ የጠራ ሰው ለተጠሪው በግ ወይም ፍየል ከነነፍሱ ይሰጠዋል፤ እንግዳው ራሱ አርዶ፣ ራሱ ሠርቶ ይበላል። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ሳይቀላቀሉ አብሮ መብላት። እነሱም በበኩላቸው ከእኛ የሚጠበቁበት ሕግ ነበራቸው። የውጭ ሰው ከነካቸው ወንዝ ወርደው ይታጠባሉ፤ «አትንኩኝ» ይባል ነበር ሥርዓቱ። እኛ የእነሱን ዓይን ስንፈራ፣ እነሱ የእኛን እጅ ይሸሹ ነበር። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ እነሱ እኛን መሸሻቸው የእኛን መሬት አላሳጣንም፤ እኛ እነሱን መፍራታችን ግን ብዙ አሳጥቷቸዋል። ሁለቱም ወገን ስለ ሌላው ያወራል፤ ወሬው ሕግና ርስት የሚሆንለት ግን ኃይል ያለው ወገን ነው።

መንግሥትስ ምን አደረገ? ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት የሚሠራውን «ጠይብ»፣ ሸማኔውንም በሌላ የነውር ስም እየጠራችሁ ሠራተኛ አጠፋችሁብኝ፤ ከእንግዲህ ሠራተኛ የሰደበ እኔን የሰደበ ነው፤ ይታሰራል የሚል ነው መልእክቱ። ንጉሡ ነገሩን ከጥቅም በኩል ነው ያዩት፤ አገር ያለ ባለሙያ አትቆምም ከሚል። ትልቅ ዐዋጅ ነው፤ ሁልጊዜ ሲነሳ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ስድብን ከለከለ እንጂ መሬትን አልመለሰም። ስድቡም ከአደባባይ ወደ ጓዳ ገባ፤ እኔ ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቼ የሰማሁት በጓዳ ነው። መሬቱ የመጣው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ። ያን ጊዜም አንዳንዱ ጎረቤት፣ «ለእነሱም ከእኛ እኩል?» ብሎ ነበር።

ይህ የቤተ እስራኤል ብቻ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ጣና ዳር ወይጦዎች አሉ፤ በደንገል ታንኳ የሚሠሩ፤ ቀድሞ ጉማሬ ያድኑ የነበሩ። የጉማሬ ሥጋ በላችሁ ተብለው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲርቃቸው ኖረ፤ እነሱ ራሳቸው ሙስሊም ነን እያሉ። በከፋ ማንጆዎች፣ በጉራጌ ፉጋዎች የሚባሉት ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸዋል። ሙያቸው ይለያያል፤ ወሬው ግን አንድ ነው፤ «የሚበሉት ንጹሕ አይደለም፤ እጃቸው ንጹሕ አይደለም፤ ዓይናቸው ክፉ ነው።» ሁልጊዜ ወደ ሰውነት ነው የሚሄደው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

(ሙዚቃ)

እየተከታተላችሁን ያላችሁ አድማጮች፣ አሁን ወደ ሁለተኛው ወሬ እንለፍ። የመጀመሪያው የክፉ ወሬ ነበር። ሁለተኛው የደግ ወሬ ነው፤ ለዚህም ነው ለማየት የሚያስቸግረው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ወደ እስራኤል ሄጄ ነታንያ ከተማ ውስጥ አንድ የደምቢያ ሰው ቤት ቡና ተጋበዝሁ። በእኔ ዕድሜ የሚሆን ሰው ነው። ጀበናው፣ ረከቦቱ፣ ዕጣኑ፣ ሁሉም እንደ አገር ቤት። ስንጫወት፣ ስለ ጉዟቸው ለመጠየቅ ብዬ፣ «በ1977 ያመጧችሁ ጊዜ» አልሁት። ስኒውን አስቀመጠና፣ «ማን አመጣን?» አለኝ። «መጣን እንጂ። በእግራችን።»

አድማጮች፣ በአማርኛ «መጣ» እና «አመጣ» የሚለያዩት በአንዲት «አ» ነው። ያቺ «አ» ስትገባ ግን የድርጊቱ ባለቤት ይለወጣል። «መጡ» ስንል የመጡት እነሱ ናቸው። «አመጧቸው» ስንል ደግሞ ሌላ ሰው አምጪ፣ እነሱ ዕቃ ይሆናሉ። በዓለም ላይ የቤተ እስራኤል ጉዞ የሚነገረው በአብዛኛው በሁለተኛው ነው። የእስራኤል መንግሥት አመጣቸው፤ የስለላ ድርጅቱ አዳናቸው፤ አውሮፕላኑ ጫናቸው። «ዘመቻ ሙሴ» በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፤ «ዘመቻ ሰሎሞን» በግንቦት 1983 ዓ.ም. በቀጥታ ከአዲስ አበባ፤ በ36 ሰዓት ከ14 ሺህ በላይ ሰው። እነዚህ ዘመቻዎች እውነት ናቸው፤ ድንቅ ሥራም ናቸው። ነገር ግን ወሬው የሚጀምረው ከአውሮፕላኑ ደረጃ ነው።

ሰውዬው የነገረኝ የሚጀምረው ግን ከቤታቸው ነው። ደርግ መውጣትን ስለከለከለ ከብቱን በስውር እየሸጡ፣ ጎረቤት እንዳያውቅ እሳቱን ሳያጠፉ በሌሊት ወጡ። ቀን በጫካ ተደብቀው ሌሊት ይጓዛሉ። ሽፍታ ዘረፋቸው። ውኃ ጠማቸው። ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ስቃይ ጠበቃቸው፤ በመጠለያው አይሁድ መሆናቸውን ደብቀው ወራት ተቀመጡ። በመንገድና በመጠለያ የሞቱት ወደ 4 ሺህ ይገመታሉ። ለእነሱ በኢየሩሳሌም፣ በሔርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ሰውዬው ታናሽ እኅቱን እዚያው ሱዳን ውስጥ በእጁ ቀብሯል። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ አልተለወጠም፤ ቡናውን እየቀዳ ነበር።

መንገዱን የከፈቱትም ከእነሱ ወገን የሆኑ ሰዎች ናቸው። ፈረደ አክሉም የትግራይ ሰው፣ መምህር ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደርግ ሲፈልገው ወደ ሱዳን ወጣ፤ ከእስራኤል ሰዎች ጋር ተገናኘ፤ በሱዳን በኩል መውጣት እንደሚቻልም ወደ መንደሮቹ ላከ። ያ መልእክት ባይደርስ ኖሮ አውሮፕላኑ ቢመጣ ማንን ይጭናል? በ2011 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ዳርቻ ስለነበረው የስለላ ድርጅቱ የይስሙላ መዝናኛ ሆቴል አንድ የሆሊውድ ፊልም ወጥቶ ነበር። የፈረደን አርአያ የያዘ ገጸ ባሕርይ አለበት፤ የፊልሙ ጀግና ግን ነጩ ሰላይ ነው። ቤተ እስራኤል በብዛት የሚታዩት በሌሊት ሲሮጡ፣ በጀልባ ላይ ሲጫኑ ነው። ብዙዎቹ የማኅበረሰቡ ሰዎች አዝነውበታል፤ ትክክልም ናቸው።

ምናልባት አንዳንዶቻችሁ፣ «አዳኗቸው ቢባል ምን ክፋት አለው?» ትሉ ይሆናል። ክፋቱ የሚታየው ከደረሱ በኋላ ነው። የዳነ ሰው አመስጋኝ እንዲሆን ይጠበቃል፤ አያጉረመርምም። የዳነ ሰው ምን እንደሚሻለው አዳኙ ነው የሚያውቅለት። ስለዚህ ብዙ ልጆች ሲደርሱ ስማቸው ወደ ዕብራይስጥ ተለወጠ፤ ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ እንዲቀልላቸው ነው። ብዙዎቹም ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። በአገር ቤት ሲያጋቡና ሲያፋቱ የኖሩት ቄሶቻቸው ያጋቡት ጋብቻ በእስራኤል ዋና ረቢዎች ዘንድ ዋጋ አጣ። በአይሁድነታችሁ ላይ ጥርጣሬ አለን፣ ለሥርዓት ያህል ውኃ ውስጥ ተጠመቁ ተባሉ። ይህን የሰሙት እነማን ናቸው? አያቶቻቸው አንጠመቅም ብለው ርስታቸውን ያጡ ሰዎች ናቸው። በ1978 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በኢየሩሳሌም በዋና ረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። «የዳኑ» ሰዎች መቃወም ሲጀምሩ ብዙ ሰው ደነገጠ።

አሁን «ያዙልኝ» ወዳልኋችሁ ነገር ልመለስ፤ ወሬው ሁልጊዜ ወደ ሰውነት ይሄዳል ብዬ ነበር።

በጥር 1988 ዓ.ም. አንድ የእስራኤል ጋዜጣ የአገሪቱ የደም ባንክ ኢትዮጵያውያን የለገሱትን ደም እየተቀበለ ሳይጠቀምበት እንደሚያስወግድ አወጣ። ምክንያቱ የኤችአይቪ ሥጋት ነው ተባለ። የእያንዳንዱ ሰው ደም ተመርምሮ አይደለም፤ ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ደም ስለሆነ ብቻ ነው የተጣለው። ለጋሾቹም አልተነገራቸውም፤ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ አመሰግናለሁ ተብለው ሄደዋል። ከእነሱ መካከል ወታደሮች ነበሩ። ወሬው በተሰማ በቀናት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ተሰለፉ፤ ከፖሊስ ጋር ተጋጩ፤ ብዙ ሰው ተጎዳ። በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይጽሐቅ ናቮን የተመራ ኮሚቴ ነገሩን መርምሮ አሠራሩን ነቀፈ።

ደም በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ አስቡ። ዘመድ ደም ነው። ጠላትነት ደም ነው። ዕርቅም ደም ማድረቅ ነው። በደምቢያ «የሰው ደም ይመጥጣሉ» ተብለው የኖሩ ሰዎች፣ በተስፋይቱ ምድር የራሳቸው ደም ተደፋ። ሁለቱ አገሮች ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ጭስ ያጨሳል፣ ሌላው ላቦራቶሪ አለው። የተፈጸመው ግን ተመሳሳይ ነው፤ አንድን ሰው ሳይመረምሩ በወገኑ መፍረድ። ስለዚህ «ይህ የመሃይም ነገር ነው፣ ትምህርት ሲስፋፋ ይጠፋል» ከሚሉኝ ሰዎች ጋር አልስማማም። ወሬው የተማረ ሰው ሲያወራው የተማረ ልብስ ይለብሳል እንጂ አይጠፋም።

በፖሊስ ጉዳይም ይኸው ታየ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. የደንብ ልብሱን የለበሰ ኢትዮጵያዊ ወታደር በፖሊሶች ሲደበደብ የሚያሳይ ምስል ወጣ፤ በቴል አቪቭ ትልቅ ሰልፍ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት የመንግሥት ኮሚቴ በኢትዮጵያውያን ላይ ያልተመጣጠነ ቁጥጥር እንዳለ አረጋገጠ። በዚያው ክረምት የፖሊስ አዛዡ በአደባባይ፣ ፖሊስ ኢትዮጵያዊ ወጣትን ከሌላው ይበልጥ መጠርጠሩ ተፈጥሯዊ ነው የሚል ሐሳብ ተናገሩ፤ ምክንያታቸውም ስደተኞችና ወጣቶች በወንጀል መዝገብ በርክተው መታየታቸው ነበር። ከዚያም ይቅርታ ጠየቁ። ነገሩን ግን አስቡት፤ ብዙ የሚፈተሽ ሰው ብዙ ይያዛል። ብዙ ሲያዝ መዝገቡ ይበዛል። መዝገቡ ሲበዛ «እንግዲህ ቁጥሩ ይናገራል» ይባላል። በዚያች ሌሊት ጭሱ ውስጥ እኔ የሰጠሁት ማስረጃም እንዲሁ ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

ደግሞ ሦስተኛ ወሬ አለ፤ የጀግኖች ወሬ። ፕኒና ታማኖ ሻታ በሦስት ዓመቷ በዘመቻ ሙሴ ጊዜ የገባች ልጅ ናት። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. የፓርላማ አባል ሆና፣ በፓርላማው ግቢ ደም ልትለግስ ብትሄድ አልተቀበሏትም። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የስደተኞች ጉዳይ ሚኒስትር ሆነች፤ ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው ሚኒስትር ሲሆን የመጀመሪያዋ ናት። ማሩ ተፈሪ በ2015 ዓ.ም. በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን ብር አገኘ። የቤተ እስራኤል የስግድ በዓል ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ የአገሪቱ በዓል ሆኗል። እነዚህን ስሰማ ደስ ይለኛል፤ እኮራለሁም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጀግናዋ የምትጠቀሰው ሌሎቹን ለመውቀስ ነው፤ «እሷ ከቻለች እናንተስ?» ለማለት። ወይም ደግሞ፣ «እሷ እንደ እነሱ አይደለችም» ለማለት። ያን ጊዜ ወሬው አልተነካም፤ አንድ ሰው ብቻ ከወሬው ወጣ።

ዛሬ በእስራኤል ከኢትዮጵያ የመጡና እዚያው የተወለዱ ልጆቻቸው ከ160 ሺህ ይበልጣሉ። ነርስ፣ መካኒክ፣ አስተማሪ፣ ሥራ ፈት፣ ዘፋኝ፣ ወታደር፣ ጡረተኛ፣ ሰነፍ ተማሪ፣ ጎበዝ ተማሪ አለባቸው። ከነታንያው ቤት ስወጣ ሰውዬው የነገረኝ አንድ ቅሬታ እስካሁን በጆሮዬ አለ። ልጁ ሒሳብ ይወድቃል፤ ነጩ የክፍል ጓደኛውም ይወድቃል። አስተማሪዋ ለጓደኛው ወላጆች «ልጃችሁ አያጠናም» አለቻቸው። ለእሱ ደግሞ «የመጣችሁበት ባህል ከባድ ነው፣ እረዳለሁ» አለችው። «ልጄ ሰነፍ መባል ይፈልጋል» አለኝ። «እንደ ሌላው ልጅ ሰነፍ።»

በዚያ ቡና ላይ ስለ ጭሱ ሌሊት ነገርሁት። ከወንዙ ማዶ ስላለው ተረተር፣ ስለ ማጭዱ፣ ስሙን ስለጠራሁት ሰው። ሰውየውን በስም አያውቃቸውም፤ እሱ ከሌላ መንደር ነው። ይቅርታ መጠየቅ ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ለእሱ ብጠይቀው ለእሳቸው አይደርስም። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ፣ «እኔንም እናቴ ክርስቲያን ቤት ገብተህ እንዳትቀምስ፣ ከነኩህ ወንዝ ወርደህ ታጠብ ትለኝ ነበር» አለ። «አንድ ቀን ግን የጎረቤት ሴት እሾህ ከእግሬ አወጣችልኝ። ቀኑን ሙሉ ሳልታጠብ ዋልሁ፤ ለእናቴም አልነገርኋት።»

በዚህ ሳምንት አድማጮች፣ በየቤታችሁ አንድ ነገር እንድታደርጉ እጠይቃለሁ። በአካባቢያችሁ ሕዝቡ በአንድ ስም የሚጠራው፣ እሱ ግን ራሱን በሌላ ስም የሚጠራ ወገን ካለ፣ ራሱን የሚጠራበትን ስም ጠይቃችሁ ጻፉልን። ታላላቆቻችሁንም ጠይቁ፤ ማጭዱን፣ ጀበናውን፣ ጋቢውን ማን ነበር የሚሠራላችሁ? ስሙ ማነው? የት ሄደ? መልሳችሁን በሚቀጥለው ዝግጅታችን በእናንተው ድምፅ እናሰማለን።

እኔም የራሴን አያቴን መልስ ልንገራችሁና እንሰነባበት። በ1983 ክረምት፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት ቤቶች ባዶ ከሆኑ በኋላ፣ የእርሻ ወቅት ደረሰ። ማረሻ የሚስል ጠፋ። አጎቴ ማረሻውን በአህያ ጭኖ ግማሽ ቀን ርቆ ገበያ ሄደ፤ ያገኘው ሰው ሥራውን አያውቅበትም፤ በሁለተኛው ትልም ማረሻው ታጠፈ። አጎቴ ተናዶ ተመለሰ። አያቴ በረንዳው ላይ ጥጥ እየፈተለች ነበር። ወደ ተረተሩ አየት አደረገችና፣ «እነዚያ ሰዎች ደህና ገብተው ይሆን?» አለች።

ማንም አልመለሰላትም። እንዝርቷን አዙራ መፍተሏን ቀጠለች።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)